ኔትወርክ ማፕ ላይ የዲቫይስ ዝርዝር ማየትና ማስተካከል፣ ከመነካካታችሁ በፊት

ኔትወርክ ማፕ የሚስል ሶፍትዌር (ኔትወርኩ ላይ ያለውን ዲቫይስ ሁሉ ፈልጎ በስዕል የሚያሳይና የሚከታተል) ጫናችሁ፣ ስካን አላችሁት፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ አርባ ሃምሳ አይከን ተበተነ፣ ግማሹ ስሙ የአይፒ ቁጥር (የኔትወርክ አድራሻው) ብቻ ነው፣ ሌላው «አንኖውን» ይላል፣ ፕሪንተሩ ደግሞ የኮምፒውተር ስዕል ለብሶ ቁጭ ብሏል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደርስና «በቃ ማፕ አለኝ» ብሎ ይተወዋል። ግን ሌሊት ላይ አንዱ አይከን መልስ አልሰጥ ብሎ ቀይ ሲሆን ያ ቀዩ ነገር ምን እንደሆነና የት እንዳለ ካላወቃችሁ ማፑ ምን ያደርግላችኋል? ስለዚህ እያንዳንዱን ዲቫይስ ከፍቶ ማየትና ማስተካከል ግድ ነው። የሜኑው ስም ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው፣ አንዱ ላይ ከገባችሁ ሌላውም አያስቸግራችሁም።

መክፈቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ከሆነ አይከኑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ወይ «ሴቲንግስ» ወይ «ዲቴይልስ» የሚለውን ፈልጉ፣ ደብል ክሊክም ብዙዎቹ ላይ ይሰራል ግን አንዳንዱ የዲቫይሱን ዌብ ገጽ ነው የሚከፍተው። ብሮውዘር ላይ የሚሰራ ከሆነ ስሙን ስትነኩት ገጹ ይከፈታል፣ ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ምልክት ነው። ሁሉም ሳጥን ግራጫ ሆኖ አልጻፍ ካላችሁ ወይ ማፑ ሎክ ተደርጓል ወይ የገባችሁበት አካውንት ማየት ብቻ ነው የተፈቀደለት፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብላችሁ እንደገና እንዳትጭኑት።

አሁን ዋናው ነገር። እዛ ገጽ ላይ የምታዩት መረጃ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ዲቫይሱ ራሱ የተናገረው፣ ሌላው ሰው የጻፈው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ቀላቅሎ ስለሚያሳያችሁ ነው ሰው የሚምታታው። ሞዴሉ፣ ማክ አድሬሱ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩ)፣ የፖርቶቹ (ኬብል የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች) ብዛት፣ ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደሰራ፣ ይሄ ከዲቫይሱ የመጣ ነው። ማፑ ላይ የሚታየው ስም፣ አይከኑ፣ ኖቱ፣ ዲቫይሱ በየስንት ሰከንዱ «አለህ ወይ» ተብሎ ይጠየቅ የሚለው፣ ይሄ ደግሞ ሶፍትዌሩ ጋ ብቻ የተቀመጠ ነው። ማፑ ላይ የጻፋችሁት ነገር ስዊቹ (ዲቫይሶችን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) ጋ አይደርስም! እኔ ስጀምር የአንድ ስዊች አይፒ መቀየር ነበረብኝና ማፑ ላይ ያለችውን የአይፒ ሳጥን ቀይሬ ሴቭ አልኩ፣ ወዲያው ቀይ ሆነ፣ ስዊቹ ጠፋ ብዬ መሰላል ይዤ ሄድኩ፣ ስዊቹ መብራቱን እያብለጨለጨ በድሮ አይፒው ስራውን ይሰራል። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ፣ የሌለ አድሬስ ላይ ሰው ሲጣራ ነበር። የአይፒ ሳጥኑ «የት ልፈልገው» ነው የሚለው፣ ዲቫይሱ ላይ መጀመሪያ ቀይራችሁ ከዛ ነው ማፑን የምታስከትሉት።

ስታነቡ ሁሉንም አትመኑ። ማክ አድሬስ 48 ቢት ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ለአምራቹ የተሰጠ ነው፣ ሶፍትዌሩ «ይሄ የእገሌ ካምፓኒ ነው» የሚላችሁ ከዛ እያየ ነው። ችግሩ የአሁን ስልኮች ዋይፋይ ላይ የፈጠራ ማክ ነው የሚሰጡት፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ እንደዛ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ ከማኩ ሁለተኛዋን ምልክት እዩ፣ 2 ወይ 6 ወይ ኤ ወይ ኢ ከሆነች አምራች አትፈልጉላት። ማፓችሁ ላይ በየሳምንቱ አዲስ የማይታወቅ ዲቫይስ እየበዛ ከሆነ ሌባ ገባ ከማለታችሁ በፊት ይቺን አረጋግጡ።

«አፕታይም» (ሳይጠፋ የሰራበት ጊዜ) የምትለዋም ታሳስታለች። ቁጥሩ በመቶኛ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው፣ ባለ 32 ቢት ስለሆነ 497 ቀን ገደማ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ስለዚህ ዓመት ከምናምን ያልጠፋ ስዊች አንድ ቀን «ትናንት ነው የተነሳሁት» ቢላችሁ አትደንግጡ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ማሽኑ ሳይሆን የኤስኤንኤምፒ (ሶፍትዌሩ የዲቫይሱን መረጃ የሚጠይቅበት ቋንቋ) ሰርቪሱ ከተነሳ ጀምሮ ነው።

ገጹ ከአይፒ ውጪ ባዶ ከሆነ ሶፍትዌሩ ፒንግ («አለህ ወይ» የሚል አጭር ጥያቄ) ብቻ ነው የሚያደርገው ማለት ነው፣ ፒንግ ደግሞ «አለሁ» ከማለት ውጪ ምንም አይናገርም። ዝርዝሩን የሚያመጣው ኤስኤንኤምፒ ነው፣ ዲቫይሱ ላይ ኦን መደረግ አለበት፣ መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል (የሚያልፈውን የሚያጣራው) የኤስኤንኤምፒን ፖርት ዩዲፒ 161 ማሳለፍ አለበት፣ ከዛ ማፑ ላይ የዲቫይሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቨርዥኑንና ኮሚዩኒቲውን አንድ ዓይነት ታደርጋላችሁ። ኮሚዩኒቲ ማለት እንደ ፓስዎርድ ነው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ መጨረሻ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የገባች አንዲት ስፔስ ግማሽ ቀን ታስፈጃለች (አስፈጅታኛለች)። ብዙ ዲቫይስ ከፋብሪካ ሲወጣ «ፐብሊክ» የሚል ነው ያለው፣ ቀይሩት፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ቨርዥን 3 ተጠቀሙ ምክንያቱም 1 እና 2ሲ ኮሚዩኒቲውን ሳይሸፍኑ ነው በኬብሉ ላይ የሚልኩት። ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ዝም ካለ ዲቫይሱ ላይ «ከእነዚህ አይፒዎች ብቻ መልስ» የሚል ገደብ ይኖራል፣ የሶፍትዌሩን ማሽን አይፒ እዛ ጨምሩት።

እሺ፣ አሁን አንዱን ከፍተን እናስተካክል። 192.168.10.2 የሚል ስዊች አለ እንበል። ስም የሚለው ላይ «ስዊች 2» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ስዊች 1 ከቦታው ሲነሳና 3 ሲጨመር ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። የት እንዳለና ምን እንደሚሰራ ይናገር፣ «ፎቅ 2 ምስራቅ ስዊች» አይነት። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይ ለሚል፣ ማፑ ላይ የሚታየው ስም ላይ አዲሶቹ ሶፍትዌሮች ግዕዝ ፊደል ችግር የላቸውም፣ ግን ዲቫይሱ ራሱ ላይ ያለው የኤስኤንኤምፒ ስምና ሎኬሽን ለላቲን ፊደል ነው የተሰራው፣ እዛ አማርኛ ብታስገቡ ወይ አይቀበልም ወይ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ከዛ አይከኑን ትክክለኛው ዓይነት አድርጉት። ኖቱ ላይ ደግሞ ዲቫይሱ ፊት ቆማችሁ ቢሆን የምትፈልጉትን ጻፉ፣ የመደርደሪያው ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ፖርት 24 ወዴት ይሄዳል፣ መቼ ተቀየረ። ፓስዎርድ ግን እዛ አትጻፉ፣ ማፑን የሚያይ ሁሉ ያየዋል።

ሰው የሚዘላት ግን ወርቅ የሆነች ሳጥን «ፓረንት» ወይ «ዲፔንደንሲ» የምትባለዋ ናት። ይሄ ስዊች በየትኛው ስዊች በኩል ነው የሚገናኘው? ከሞላችሁት ላይኛው ሲጠፋ ስለሱ አንድ መልእክት ይመጣል፣ ካልሞላችሁት ከስሩ ያሉት ሃያ ዲቫይሶች ሁሉ እየተጯጯሁ ሃያ መልእክት ይልኩላችኋል፣ እናንተም በሁለተኛው ቀን ስልካችሁን ሳይለንት ታደርጋላችሁ። ስዊቾቹ ላይ ኤልኤልዲፒ (ዲቫይሶች ለጎረቤታቸው ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት) ከበራ አንዳንድ ሶፍትዌር ማን ከማን ጋር በየትኛው ፖርት እንደተገናኘ ራሱ ይስላል፣ ያኔም ቢሆን ዓይናችሁን ጣሉበት።

የሚጠየቅበትን መንገድም እዚሁ ነው የምትቀይሩት። የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ፒንግ ይከለክላል፣ ማሽኑ እየሰራ ማፑ ላይ የሞተ ይመስላል፣ እንደዛ ሲሆን ፒንግ መሆኑን ትታችሁ ክፍት የሆነ ፖርት (የኬብል ቀዳዳው ሳይሆን አንድ አገልግሎት የሚሰማበት የበር ቁጥር) እንዲያይ አድርጉት፣ ለዌብ ሰርቨር 443፣ ለኔትወርክ ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ 9100። የትራፊክ ግራፉ የማይሆን ቁጥር ካሳየ ደግሞ ኤስኤንኤምፒው ቨርዥን 1 ላይ ሊሆን ይችላል። እዛ ያለው ቆጣሪ 32 ቢት ነው፣ 1 ጊጋቢት ላይን ጢም ብሎ ሲሰራ በ34 ሰከንድ ገደማ ይሞላና ከዜሮ ይጀምራል፣ ሶፍትዌሩ በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ከሆነ በመሃል ስንቴ እንደዞረ በምን ያውቃል? ወደ 2ሲ ወይ 3 ስትቀይሩት ባለ 64 ቢቱን ያገኛል።

ሴቭ ካላችሁ በኋላ አንድ ወጥመድ አለ፣ በማግስቱ ስካኑ እንደገና ይሮጥና የጻፋችሁትን ስም በድሮው ይተካዋል። ስሙ አጠገብ «ከዲቫይሱ ውሰድ» አይነት ምርጫ ካለ አጥፉት፣ ወይም ስሙን ዲቫይሱ ላይ ራሱ ቀይሩትና ይገላገል፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። አይፒው በዲኤችሲፒ (አይፒ በራሱ በሚያድለው) የሚቀያየር ዲቫይስ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ላይ በማኩ አይፒ አስይዙለት፣ አለበለዚያ ነገ የፕሪንተሩ ስም ያለበት አይከን የሌላ ሰው ላፕቶፕ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ድርብ ሆኖ የመጣ ዲቫይስ ስትሰርዙም የቱ ላይ የድሮ ግራፍ እንዳለ እዩ፣ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ስትሰርዙት ታሪኩንም አብረው ነው የሚያጠፉት። ብዙ ዲቫይስ አንድ ላይ መርጣችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባክአፕ፣ አርባ ዲቫይስ ላይ አንድ ኮሚዩኒቲ አሳስቶ መጻፍ የአንድ ክሊክ ስራ ነው።

ስትጨርሱ ሰው የማይጠቀምበትን አንድ ዲቫይስ ኬብሉን ንቀሉና የሚመጣውን መልእክት አንብቡ። ማፑን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባችሁ ስልኩን ስጡትና «የቱ ክፍል ልሂድ?» ካላችሁ ስሙ ገና አልተስተካከለም፣ ተመለሱና ኤዲት በሉት።