ባሕር ዳር ውስጥ የቆየች ጃዋን ፈልጎ ማግኘትና ማደስ

ዛሬ በባሕር ዳር ጎዳናዎች የሚርመሰመሰው ባጃጅ ስለሆነ፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችን ጃዋ ልብ የሚላት ሰው ጥቂት ነው። እዚህ የምናገረው በቼኮዝሎቫኪያ ስለተሠራችው ጃዋ 350 ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያላት፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን የሚቀዳላት ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ናት።

ፍለጋውን ከደላላ አይጀምሩ፤ ደላላ የሚያውቀው ለሽያጭ የወጣውን ብቻ ነው። ጡረታ የወጡ መካኒኮች ግን ማን ምን ይነዳ እንደነበርና መጨረሻው የት እንደደረሰ ስለሚያስታውሱ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ሁለት ጊዜ ቡና መጠጣት ይበልጣል። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት ሲሸጡ የሚያወጡትን የጨረታ ማስታወቂያም ይከታተሉ። የእኔን ያገኘኋት ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ግቢ ሲሆን፣ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ «ጫጩቶቹ ይፈልፈሉና እንነጋገራለን» አሉኝ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ሲመለከቷት ዝገቱ አያስደንግጥዎ። የሚያስፈራው ቀድሞ የነካት እጅ ነው። ጃዋ ማርሽ መቀየሪያዋና ማስነሻዋ አንድ እጀታ ነው፤ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ወደ ኋላ ሲዞር ማስነሻ ይሆናል። ይህን ያላወቀ አንድ ሰው የእኔዋን «ተበላሽቷል» ብሎ በሳልዳቱራ አጣብቆት ስለነበር፣ ያንን ማላቀቅ የአሥር ዓመት ዝገት ከማስለቀቅ ይልቅ አደከመኝ። ስለዚህ የተበየደ፣ የተቆረጠ ወይም ከሌላ ሞተር ሳይክል ተወስዶ የተገጠመ ነገር የበዛባትን ይተዉና፣ ዝጋም ቢሆን ያልተነካችውን ይምረጡ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊብሬውን ይጠይቁ። በሻንሲውና በሞተሩ አካል ላይ የተመቱት ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለባቸው። የመጀመሪያ ባለቤቷ በሕይወት ከሌሉ፣ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ውልና ማስረጃ ቢቀርቡ እንጂ በእማኝ ብቻ የተጻፈ ወረቀት በኋላ ራስ ያሳምማል።

ወደ ቤት እንዳስገቧት ለማስነሳት አይቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ አዲስ ቤንዚን ቀድቼ ስረግጣት ከታንኩ የተነሣው ዝገት ካርቡራተሩን ሞላው፤ የፒስተኑም ፋሻ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ተሰበረ። ትክክለኛው መንገድ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ መጨመርና ቢያንስ አንድ ሳምንት መተው ነው። ከዚያም ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅዎ ወደፊትና ወደኋላ በዝግታ ያወዛውዙ፤ ማስነሻውን በጉልበት መርገጥ ግን አይገባም። ሞተሩ ቢላቀቅም እንኳ የክራንኩን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ዘይት ማገጃ ጎማዎች መቀየር ግድ ነው። ጎማው በዕድሜ ሲደርቅ አየር ያሾልካል፤ የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ቤንዚን ያንሰውና ይሳሳል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል። ሲሊንደሩ ተበልቶ ከሆነ መነሻ ልኩ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ትርፍ ልክ ያላቸው ፒስተኖች በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ ይመጣሉ። አንዳንዱ ሰው ቶርኖ ቤት ሄዶ ሲሊንደሩን ካሰፋ በኋላ ፒስተን ፍለጋ መርካቶ ይወርዳል፤ ፒስተኑ ቀድሞ በእጅ ይግባ፣ ሲሊንደሩም በእሱ ልክ ይሰፋ።

ታንኩን ለማጽዳት አንድ ሊትር ተኩል ያህል አቼቶና አንድ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ ይጨምሩበትና በየጊዜው እየነቀነቁ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ዳዶዎቹን ቆጥሮ መጨመርና ቆጥሮ ማውጣት አይረሳ። በማግስቱ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ሳይውል ሳያድር ዘይት ያለበት ቤንዚን ያዙሩበት፤ የሐይቁ እርጥበት የተፈተገን ብረት ባዶውን ካገኘው እስኪነጋ ድረስ ቀይ ያለብሰዋል።

በቀለም ላይ ብዙ አልልም። ከመቀመጫው ሥር በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ቢፍቁ የፋብሪካው ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለው ቀይ፣ ብቅ ይላል። ክረምት እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ማታ በአምፖልም አይቀቡ፣ ትንኝ ይለጠፍበታል። ኒኬሉን ፎይል ውኃ ነክሮ ማሸት ይበቃዋል።

የፑንቲናውን፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው ብልጭታ የሚያስነሳውን መገናኛ፣ ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርገው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅለው ያስነሷት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ በዚህም ምክንያት በፋብሪካው ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ጥቂት ከነዱ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላውን ይፍቱ። እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ከሆነ ተስማምቷታል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ ያድርጉት። ነጭ ከሆነ ግን አየር የሚያስገባ ቦታ አለና ደግመው አያስነሷት፤ ፀሐዩ ቢከብድም እየገፉ ይመልሷት።