እርሾ ሲጠግብና ሲራብ፦ በሦስት ሃይላንድ እቤት የሚሠራ ሙከራ

ደሴ ላይ ሊጥ አቡክቶ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያው ሊጥ ኮምቦልቻ ቢሆን ቶሎ ኩፍ ይል ነበር፤ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ይሞቃል። ከሙቀቱ ሌላ ግን እርሾን የሚያዘው ምግቡ ነው። እሱን በዓይናችሁ ለማየት ሦስት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ሦስት ፊኛ፣ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ ስኳርና የተፈጨ ብቅል ይበቃል።

መጀመሪያ ብቅሉን አዘጋጁ። ሁለት እፍኝ ብቅል እጅ በሚያቃጥል፣ ግን በማይፈላ ውሃ በጥብጡና አንድ ሰዓት ያህል ሸፍናችሁ አቆዩት። ከዚያ ቅመሱት፤ ጣፍጧል። እርሾ ስታርችን በራሱ መብላት አይችልም። ወደ ስኳር የሚሰብርለት ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። ጠላ ያለ ብቅል የማይሆነውም ለዚህ ነው። በንጹሕ ሻሽ አጥሉት፣ አፍሉት፣ ሲረጋ አተላውን ትታችሁ የጠለለውን ውሰዱ።

አሁን ሃይላንዶቹን እስከ ግማሽ ሙሉ። አንዱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ብቻ፣ ሁለተኛውን በዚያው ውሃና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስተኛውን በብቅሉ ውሃ። ሁሉም ለብ ሲሉ ሩብ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምሩና አፋቸው ላይ ፊኛ አልብሱ። በክዳን እንዳትዘጉ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ደሴ ከሆናችሁ በጋቢ ጠቅልሏቸው።

በማግስቱ የስኳሩም የብቅሉም ፊኛ ቀና ብሎ ታገኙታላችሁ። የውሃው እንደተኮማተረ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊኛ ተነፋ ማለት እርሾው ተባዛ ማለት አይደለም። በሁለተኛው ቀን ሃይላንዶቹን ወደ መስኮት አንስታችሁ ታቹን እዩ። በስኳሩ ውስጥ የዘቀጠው ከጨመራችሁት ብዙም አይበልጥም። የብቅሉ ግን ወፈር ብሏል።

ምክንያቱ ናይትሮጅን ነው። ሴል ፕሮቲን የሚገነባው በናይትሮጅን ነው፤ ብቅል ውስጥ ናይትሮጅን ያለበት አሚኖ አሲድ አለ፣ ስኳር ውስጥ ምንም የለም። ማርም ስኳሩ ሞልቶ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። ጠጅ ከጠላ ዘግይቶ የሚደርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በስኳሩ ሃይላንድ ውስጥ ያለው እርሾ ጉልበት አለው፣ የግንባታ ዕቃ ግን አጥቷል። ስለዚህ የራሱን አሮጌ ክፍሎች በድርብ ሽፋን ይጠቀልላል፣ ቫኩዩል ወደሚባለው ጓዳው ይወስዳል፣ እዚያ ሰባብሮ እንደገና ይሠራባቸዋል። ይህ ኦቶፋጂ ይባላል፤ ራስን መብላት ማለት ነው። ናይትሮጅን ሲኖር ቶር የተባለ ፕሮቲን ሥራውን ያግደዋል፤ ሲጠፋ ይለቀዋል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ቫኩዩሉ መፍጨት የማይችል እርሾ አስርቦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ጓዳው በትናንሽ ክብ ነገሮች ተሞልቶ አገኘው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

በባዶ ውሃ ያደረውን ሃይላንድ እንዳትደፉት። ማግስቱን አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበትና ፊኛውን መልሱለት። ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ እሱም ቀና ይላል።