ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኮማተር ሳምባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

አቴሌክታሲስ የሳምባ የአየር ከረጢቶች አየር አጥተው መኮማተራቸው ነው። ሆዱን ወይም ደረቱን የተከፈተ ሕመምተኛ ላይ ይበዛል። ባሕር ዳር ዋርድ ውስጥ ለምትሠሩም፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ መጥታችሁ ለምታስታምሙም ይጠቅማል።

ምልክት፦ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ትንፋሹ በደቂቃ ከ20 ይበልጣል፤ በጣት መለኪያ የተለካው የደሙ ኦክሲጅን ትናንት 95 በመቶ ነበር፣ ዛሬ 89 ሆኗል።

በቅድሚያ መለኪያውን ጠርጥሩ። ጣቱ ከቀዘቀዘ አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰውም 94 ሊያሳይ ይችላል፤ ዋናው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተለካው ምን ያህል መውረዱ ነው። ከ90 ከወረደ ግን ክርክር የለም፦ ኦክሲጅን ይደረግለት፣ ሐኪም ይጠራ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማደንዘዣው የሳምባውን የታችኛ ክፍል ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ ያኮማትረዋል። ሲነቃ ስፌቱ ስለሚያመው ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ሳል ይፈራል፣ አክታውም ይረጋል። በዚያ ላይ አስታማሚ፦ «ተጋደም እንጂ የኔ ጌታ፣ ስፌትህ ይፈታል!» ከፍቅር ነው፤ ግን በጀርባ ተንጋሎ መዋል ሆድ ድያፍራሙን (ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ እንዲገፋ ያደርጋል፣ ሳምባውም ይጠባል።

መፍትሔው ከሕመም ማስታገሻ ይጀምራል። የሚያመው ሰው በረጅሙ አይተነፍስምና መድኃኒቱ ከልምምዱ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይሰጥ። ራስጌውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አንሱ፤ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጣል። ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ በአፍንጫው ቀስ ብሎ በረጅሙ ይሳብ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይያዝ፣ ይልቀቅ። ካዞረው ይረፍ። ከዚያ የታጠፈ ጋቢ ስፌቱ ላይ አጥብቆ አቅፎ ሁለት ሦስቴ ይሳል። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግሥቱ ይራመድ።

ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በቱቦ መንፋትም ይረዳል፤ የሚበላሸው በቱቦው ምርጫ ነው። የጉሉኮስ ላስቲክ በጣም ቀጭን ስለሆነ ያደክማል፤ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ይሁን። ጫፉ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ይግባ፣ አየር መውጫ ክፍት ይተው፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ደም ለሚተፋ፣ ደረቱ ውስጥ አየር ለፈሰሰበት፣ ጉሮሮው ወይም ጨጓራው በቅርብ ለተሰፋ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሞከር።

ኦክሲጅን ቁጥሩን ያነሳል እንጂ የተኮማተረውን አይከፍትም። እንዲያውም ከልክ በላይ ሲሆን በአክታ ከተዘጋው ጀርባ ያለው አየር ቶሎ ወደ ደም ተመጥጦ ያልቃል፣ ከረጢቱም ይበልጥ ይኮማተራል። ትኩሳት ስለታየ ብቻ አንቲባዮቲክ መጀመርም አያስኬድም።

ምልክት፦ የደረቱ አንዱ ጎን ድንገት የትንፋሽ ድምፅ አጣ።

ራጁ ላይ የአየር ቧንቧው ወዴት እንደሄደ እዩ። ነጥቶ ወደሚታየው ጎን ከተሳበ የአክታ መዘጋት ነው፦ ጤነኛው ጎን ወደ ታች ይሁን፣ ደረቱ በመዳፍ መታ መታ ይደረግ፣ አክታው በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) ይሳብ፤ እንቢ ካለ ብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ማስገባት)። በአፉ የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ከሆነ ግን መጀመሪያ የቱቦውን ቁጥር አንብቡ። ጥርሱ ጋ ለሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ካለፈ ወደ ቀኝ ሳምባ ገብቶ ግራውን ዘግቶት ይሆናል። ቧንቧው ከነጣው ጎን ከተገፋ ፈሳሽ ነው፣ ይቀዳል።

ጎኑ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ የሚጮህ ከሆነና የደም ግፊቱ ከወረደ ግን ደረት ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ራጅ አይጠበቅም፦ ሐኪሙ ወዲያው በመርፌ ያስተነፍሳል፣ ቀጥሎ የደረት ቱቦ ይገባል።

ሕፃን ከሆነ ጠይቁ፦ ቆሎ ወይም ለውዝ ሲበላ ትን ብሎት ነበር? ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ብሮንኮስኮፒ ሊያስፈልገው ይችላል። እያሳለ ባለ ልጅ አፍ ውስጥ ጣት አታስገቡ።

በቀጠሮ ለሚገባ ሕመምተኛ ደግሞ ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቁም። የትንፋሽ ልምምዱንም ከማደንዘዣው በፊት፣ አስታማሚው ባለበት አስተምሩት።