እንጀራው ኮመጠጠ ማለት ስኳሩ ጠፋ ማለት አይደለም

እማዬ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ዳቦና ፓስታ ከቤታችን ወጡ። እንጀራ ግን ቀረ። «ጤፍ ነው፤ ደግሞም ሦስት ቀን የቦካ ነው» እያልን ሦስት እንጀራ በሽሮ ስናቀርብላት ከረምን። አንድ ቀን ምሳ ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቷን ወግተን ለካናት። ማሽኑ 247 አለ፤ ከፍ ያለ ስኳር ነው። ብዙ ነገር እንደተሳሳትን የገባኝ ያን ቀን ነው።

ዋናው ስህተት «የቦካ እህል ስኳር የለውም» ማለት ነው። ሊጥ ሲቦካ ባክቴሪያውና እርሾው የሚበሉት ከዱቄቱ ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ስታርች፣ ማለትም ወደ ስኳር የሚለወጠው የእህሉ ክፍል፣ እዚያው አለ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ አብዛኛው ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ ይሆናል። መቡካቱ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። እንጀራውን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ስታርቹ ቶሎ እንዳይፈጭ ያግዛል፤ ኮምጠጥ እስኪል በቦካ ዳቦ (ሳወርዶ) ላይ ይህ ታይቷል። ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴትም ይቀንሳል። ግን ፍጥነት ሌላ፣ መጠን ሌላ። ሦስት እንጀራ ያው ሦስት እንጀራ ነው። አሁን እማዬ አንድ ትበላለች፤ ጎመኑ፣ ምስሩና ሰላጣው ግን በዛ ይላል። ፍርፍር በእንጀራ መብላትማ እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው፤ እሱን ተውነው።

ሌላው ስህተት እንጀራን እንደ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት የሚጠቅሙ ሕያው ባክቴሪያዎች እንዳሉበት ምግብ፣ ማየት ነው። ሊጡ ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። በሕይወት ያሉትን የሚፈልግ ሰው ከቦካ በኋላ እሳት ያልነካውን ይፈልግ። እኛ ቤት ስልጆ አለ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስላል፣ ሲበርድ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ከዚያ ተከድኖ ለቀናት ይቦካል። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የባቄላው ፕሮቲንና አሰርም ትርፍ ነው። በ2021 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 36 ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ሳምንት ተከታትሎ፣ የቦካ ምግብ አብዝተው በበሉት ላይ የአንጀት ባክቴሪያ ዓይነት እንደጨመረና የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች እንደቀነሱ አሳይቷል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ስኳር አልነበረባቸውም፤ እርጎም ይበሉ ነበር። ስለዚህ ስልጆ ስኳር ያድናል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

እንጀራ ሳይጠይቁ መግዛትም አለ። በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ልብ በሉ። ቡናማ መልክ ስላለው ብቻ ጤፍ ነው ማለት አይደለም። ስንዴ፣ ሩዝ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። አንዳንዱ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ባለው ዱቄት በሰዓታት ውስጥ የሚጋገር ነው፤ ዓይን ያወጣል እንጂ በደንብ አልቦካም። ሻጩን «ከምንድን ነው? ስንት ቀን ቦካ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጨው ይረሳል። አዋዜ፣ ዳጣ፣ በጨው የቦካ ጎመን ሁሉ ጨዋማ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ደም ግፊትም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ወጡ ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ።

«ጠላም እኮ የቦካ እህል ነው» የሚሉ አሉ። ይህኛው አደገኛ ነው። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያግዳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ከጠጣ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። አጠገቡ ያለውም «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠጅ ላይ ደግሞ ያልቦካው ማር ይጨመራል።

ከሁሉ በላይ ግን እባካችሁ፣ ምግብ ተስማማኝ ብላችሁ ሜትፎርሚኑንም ሆነ ሌላ መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። መቀነስ ካለበት የሚቀንሰው ሐኪማችሁ ነው።

እማዬ አሁን ትንሽ ደብተር አላት። የበላችውን ትጽፋለች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሰች ከሁለት ሰዓት በኋላ ትለካና ቁጥሩን ከጎኑ ታሰፍራለች። ሐኪሟ ከ180 በታች እንዲሆን ነግሯታል። ከ180 ያለፈውን በቀይ ታሰምርበታለች፤ በቀጠሮዋ ቀን ደብተሩን ይዛ ትሄዳለች።