የቪኢፒ ምርመራ ሲታዘዝልዎ፦ እንዴት ይዘጋጃሉ፣ ውጤቱንስ እንዴት ይረዳሉ?

አንድ ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲደበዝዝ፣ ሲያንቀሳቅሱት ሲያም፣ ቀይ ቀለም ሲገረጣበት ሐኪም የእይታ ነርቭ ብግነት ይጠረጥራል። ብግነቱ አንዳንዴ የመልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) የመጀመሪያ ምልክት ነው። ቪኢፒ (በእንግሊዝኛ Visual Evoked Potential) ዓይን ያየው ነገር አንጎል ጋ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። አያምም፤ ወደ ሰውነት የሚላክ ኤሌክትሪክም የለም።

ከቤት ሳይወጡ ፀጉርዎን በሻምፖ ይታጠቡ። ቅቤም ሆነ ቅባት አይቀቡ። የአንጎልን ምልክት የሚቀበለው ትንሽ መለጠፊያ፣ ኤሌክትሮዱ፣ የሚለጠፈው ከማጅራት ከፍ ብሎ ስለሆነ ጥብቅ ሹሩባ ወይም ዊግ ካለ ይፈታ። መነጽርዎን አይርሱ። የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ የሚደረግበት ቀጠሮ በዚያው ቀን ካለዎት ቪኢፒው ይቅደም።

ኤሌክትሮዶቹ ከተለጠፉ በኋላ ከስክሪኑ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጣሉ። እንደ ዳማ ሰሌዳ ያሉ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች በሰከንድ 2 ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ። ዓይኖች የሚመረመሩት ተራ በተራ ነው፤ አለበለዚያ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእርስዎ ነው። መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይመልከቱ። ይሰለቻል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ግን ዓይን ከነጥቧ ሲሸሽ ሞገዱ፣ ማለትም የተመዘገበው የአንጎል ምላሽ፣ አንሶ ወይም ዘግይቶ በሽታ ይመስላል። መንጋጋዎንና አንገትዎን ያላሉ። ከደከሙ ይናገሩ፣ ይቆምልዎታል።

ውጤቱ ላይ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ፒ100 የሚባለው ሞገድ ነው፤ በጤናማ ሰው 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ላይ ይመጣል። ትክክለኛው ገደብ በየላቦራቶሪው ስለሚለያይ የራሳቸውን ይጠይቁ። ቅርጹን ሳያጣ መዘግየቱ የነርቩ ሽፋን፣ ማይሊን፣ መጎዳቱን ይጠቁማል። የሞገዱ ማነስ ደግሞ የነርቭ ክሮች መጥፋት ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ዓይኖች ልዩነትም ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ተመራማሪው ሃሊደይና ባልደረቦቹ እይታ ከተመለሰ በኋላም መዘግየቱ እንደማይጠፋ አሳዩ። የምርመራው ትልቁ ዋጋ ይህ ይመስለኛል፤ ታማሚው ሳያውቀው ያለፈን ብግነት ያጋልጣል። መልቲፕል ስክለሮሲስን ለመለየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ በ2024 የተሻሻለው የማክዶናልድ መመዘኛም የእይታ ነርቭን ጉዳት በቪኢፒ ማሳየትን ይቀበላል።

ቢሆንም ዘገየ ማለት መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ማለት አይደለም። የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ማዕከል ሕመም፣ ግላኮማ፣ ነርቩን የሚጫን ዕጢም ያዘገያሉ። ሬቲናው ከተጠረጠረ የሬቲናውን የራሱን ምላሽ የሚለካው ፓተርን ኢአርጂ የተባለ ምርመራ እንዲጨመር ይጠይቁ። የሞገዶቹን ኮፒ ከቁጥሮቹ ጋር ተቀብለው ያስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ምርመራ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።