ኡደያጊሪና ካንዳጊሪ፦ የጃይን ዋሻዎችን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምሥራቅ ህንድ፣ ኦዲሻ ግዛት፣ ከቡባነሽዋር ከተማ መሀል ብዙም ሳይርቁ አንድ መንገድ ብቻ የሚለያያቸው ሁለት ኮረብቶች አሉ። ኡደያጊሪ ላይ 18፣ ካንዳጊሪ ላይ 15 ዋሻዎች ይገኛሉ። አብዛኞቹ የተፈለፈሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ አገሩ ካሊንጋ በሚባልበት ጊዜ፣ በንጉሥ ካራቬላ ዘመን ጃይን ለሚባለው ጥንታዊ የህንድ እምነት መነኮሳት ማደሪያ ነው። ብዙ ጎብኚ ግን ግማሽ ሰዓት ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «ጉድጓድ ብቻ ነው» ብሎ ይመለሳል። ለዚህ የሚያበቁት ስህተቶች ሁሉም በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው።

ሌላ ኡደያጊሪ መሄድ

በዚህ ስም የሚጠራው ቦታ አንድ ብቻ አይደለም። ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ፣ ቪዲሻ ከተማ አጠገብ ያለው ኡደያጊሪ በጉፕታ ነገሥታት ዘመን የተሠሩ፣ በአብዛኛው የሂንዱ ዋሻዎች ያሉበት ነው። እዚያው ኦዲሻ ውስጥ ደግሞ የቡድሂስት ገዳም ፍርስራሽ ያለበት ሌላ ኡደያጊሪ አለ። ስልክዎ ላይ «ኡደያጊሪ» ብቻ ብለው ከፈለጉ ካርታው የትኛውንም ሊያወጣልዎ ይችላል። ቡባነሽዋር ከደረሱ በኋላ ለባጃጅ ሹፌሩ «ካንዳጊሪ» ይበሉት። ኡደያጊሪ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ወቅቱን ሳያዩ መነሳት

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ደረጃው ላይ ጥላ እምብዛም የለም። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ድንጋዩ ያዳልጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በጠዋት ይሂዱ። በጥር ማብቂያ ወይም በየካቲት መግቢያ ለማግ ሳፕታሚ በዓል ካንዳጊሪ ሥር ትልቅ ገበያ ይደራል፤ ሕዝብ ማየት ከፈለጉ እሰየው፣ ዋሻ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጡ።

ላሊበላን መጠበቅ

ይህ በተለይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ስህተት ነው። ከአለት የተፈለፈለ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ዓምድ፣ ቅኔ ማኅሌት፣ መቅደስ። ያንን ፍለጋ ከሄዱ ኡደያጊሪ ያሳፍርዎታል። እነዚህ ቤተ መቅደሶች ሳይሆኑ የመኝታ ክፍሎች ናቸው፤ ዝምድናቸው ከባሕታዊ በአት ጋር ነው።

የጃይን መነኩሴ በአንድ ቦታ አይረጋም፣ በእግሩ ይዞራል። በክረምት ግን ምድሩ በነፍሳትና በለጋ ቡቃያ ስለሚሞላ፣ ሲራመድ እንዳይገድል ለአራት ወር መንገዱን አቁሞ ይቀመጣል። ነፍስ ያለውን ሁሉ አለመጉዳት የእምነታቸው ሁሉ መነሻ ነውና። ዋሻዎቹ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማሙ መጠለያዎች ነበሩ። መግባት በሚፈቀድባቸው ጎንበስ ብለው ይግቡና ወለሉን ይመልከቱ። ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ያ የድንጋይ ትራስ ነው። ጣሪያው በብዙዎቹ ውስጥ ቀጥ ብሎ አያስቆምም። ተቀምጦ ለሚጸልይና ተኝቶ ለሚያድር የተለካ ነው። ጌጡ ሁሉ ውጭ፣ በረንዳው ላይና ከበሩ ቅስት በላይ ቀርቷል፤ ውስጡ ባዶ ግድግዳ ነው። ይህን ከተረዱ በኋላ ያው ጉድጓድ ሌላ ነገር ይሆናል።

ባግ ጉምፋ የሚባለው ከሁሉም ይገርመኛል፤ ጉምፋ ማለት ዋሻ ነው። አለቱ ከውጭ አፉን የከፈተ ነብር ሆኖ ተቀርጿል፤ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ የላይኛው ጥርሱ ይታያል፤ የክፍሉ በር ጉሮሮው ላይ ነው። በላዩ ያለው አጭር ጽሑፍ ዋሻው የከተማው ዳኛ የሳቡቲ መሆኑን ይናገራል። ንጉሡ ብቻውን አላሠራቸውም ማለት ነው፤ ባለሥልጣኑም፣ የካራቬላ እቴጌም የየራሳቸውን አሠርተዋል።

በስሙና በአስጎብኚው ወሬ መነዳት

በር ላይ የሚቀበሉዎት አንዳንድ አስጎብኚዎች ራኒ ጉምፋን «የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። ስሙ በኋላ የመጣ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቁ ዋሻ፣ ከሁሉም ትልቁ ቢሆንም፣ እሱም የመነኮሳት ማደሪያ ነው። ጋኔሻ ጉምፋም ስሙን ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ውስጡ ከተቀረጸ፣ የዝሆን ራስ ካለው የሂንዱ አምላክ የጋኔሻ ምስል ነው። ወሬውን ትተው ራኒ ጉምፋ ውስጥ ቅርጾቹን ይከተሉ፦ ከዝሆን ጋር የሚታገሉ ሰዎች፣ አደን ላይ ያለ ንጉሥ፣ ከሙዚቀኞች ጋር የምትጨፍር ሴት። ከዘበኞቹ አንዱ ቦት ጫማ አጥልቋል፤ የባዕድ አገር ሰው ይመስላል። ለመናኝ ቤት ይህ ሁሉ ጭፈራና አደን ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ከአስጎብኚው ተረት ይልቅ ብዙ ያስኬዳል።

ሃቲ ጉምፋን ማለፍ

ሲያዩት ከሁሉም አስቀያሚው ይኸው ነው፤ የተፈጥሮ ዋሻ ይመስላል፣ ጌጥ የለውም። ሰው አልፎት ይሄዳል። የቦታው ትልቁ ሀብት ግን ከላይ፣ በአለቱ ግንባር ላይ ነው፦ ብራህሚ በሚባለው ጥንታዊ የህንድ ፊደል፣ ፕራክሪት በሚባለው ጥንታዊ የህንድ ቋንቋ የተጻፈ 17 መስመር። ለቅዱሳኑ ሰላምታ ሰጥቶ ይጀምርና የካራቬላን ዜና መዋዕል በየዓመቱ እየከፈለ ይተርካል። በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት አውሎ ነፋስ ያፈረሰውን የከተማውን በርና ቅጥር አስጠገነ። ኦዲሻ ዛሬም የአውሎ ነፋስ አገር ነች፤ በ2019 ፋኒ የተባለው መጥቶ ቡባነሽዋርን ሲያናውጥ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። በአምስተኛው ዓመት፣ ከእሱ በፊት ከነበረው የናንዳ ሥርወ መንግሥት አንድ ንጉሥ ያስቆፈረውን የውኃ ቦይ ወደ ከተማው አስገባ። የናንዳ ንጉሥ ወስዶት የነበረውን የካሊንጋ ጂና፣ ማለትም የጃይን ቅዱስ መምህር፣ ምስልም አስመለሰ። እስከ 13ኛው ዓመት ይዘልቃል። ብዙው ፊደል ስለተጎዳ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ትርጉሙን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ ቆመው መስመር በመስመር ያንብቡ።

ከጽሑፉ ጎን የስዋስቲካ ምልክት አለ። ደንግጠው ናዚን አያስታውሱ፤ ለጃይኖች ከጥንት ጀምሮ ቅዱስ ምልክት ነው።

ጊዜ ካለዎት ከከተማው በሌላ በኩል ያለውን ዳውሊን በዚያው ቀን ይጨምሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ261 ገደማ የማውርያ ንጉሠ ነገሥት አሾካ ካሊንጋን በጦር ከያዘ በኋላ ያስጻፋቸው አዋጆች እዚያ አለት ላይ አሉ። አሸናፊው ያስጻፈውንና ካሊንጋ እንደገና ስትበረታ ንጉሧ ያስጻፈውን በአንድ ከሰዓት ማንበብ የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ካንዳጊሪን መዝለል፣ ወይም ሁሉን የአንድ ዘመን ማድረግ

ትኬት የሚቆረጠው ለኡደያጊሪ ስለሆነ ብዙው ሰው እዚያው ይጨርሳል። ካንዳጊሪ ላይ አናንታ ጉምፋ አለ፤ ከበሮቹ ቅስት በላይ እባቦች የተጋደሙበት፣ የፀሐይ አምላክ ሠረገላ የተቀረጸበት። ናቫሙኒና ባራቡጂ በሚባሉት ዋሻዎች ውስጥ ያሉት የቲርታንካራ፣ ማለትም የጃይን ታላላቅ መምህራን፣ ምስሎች ግን ከዋሻዎቹ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ያንሳሉ። ናቫሙኒ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የ11ኛውን ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኡድዮታኬሳሪን ይጠቅሳል። ቀድሞ የመነኩሴ መኝታ የነበረው በኋላ መስገጃ ሆነ ማለት ነው።

ምስሉን ሁሉ ቡድሃ ማለትም የተለመደ ነው። ራቁቱን፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ካዩ ጃይን ነው። በራሱ ላይ ባለ ብዙ ራስ እባብ ከተዘረጋ ፓርሽቫናታ የተባለው ቲርታንካራ፣ ከሥሩ በሬ ካለ ሪሻባናታ የተባለው ነው። ራቁትነቱ ሁሉን የመተው ምልክት ስለሆነ ፊቱ ቆሞ መሳሳቅ ነውር ነው፤ አጠገብዎ የሚሰግድ ሰው ሊኖር ይችላል።

ቀበቶዎ ቆዳ መሆኑን መርሳት

ካንዳጊሪ አናት ላይ ያለው የጃይን ቤተ መቅደስ ዛሬም ይሰገድበታል። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቆዳ ቀበቶ፣ የቆዳ ቦርሳና ዋሌት ግን የሞተ እንስሳ ናቸው፤ ይዘው አይግቡ። የጨርቅ ቦርሳ ይዞ መሄድ ይቀላል።

ዝንጀሮዎቹን ማብላት

ኮረብቶቹ ላይ ጭራቸው ረጅም የሆነ ግራጫ ላንጉሮች ሞልተዋል፤ ኦቾሎኒ ይዞ የሚጠጋቸው ጎብኚም አይጠፋም። የለመዱት እጅዎን አይተው ይመጣሉ፤ ኦቾሎኒው ሲያልቅም ፌስታሉን ይነጥቃሉ። ምግብ ቦርሳ ውስጥ ይደብቁ፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩ፣ ልጅ ከያዙ እጁን አይልቀቁ።