ነዳጅ የማይተፋ ሞተር ገፋ ሲባል፦ ገፊ ኃይሉን እንዴት እንለካለን?

ምንም ነገር ወደ ኋላ ሳይተፉ ይገፋሉ ከተባሉት ሞተሮች መካከል በደንብ የተመረመረው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የሮጀር ሻወየር ኢኤምድራይቭ ነው። አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የሆነ ዝግ የመዳብ ቆርቆሮ ሲሆን ማይክሮዌቭ ይለቀቅበታል። በ2016 የናሳ ተመራማሪዎች አየር በሌለበት ክፍል (ቫኪዩም) ውስጥ በኪሎዋት 1.2 ሚሊኒውተን እንደለኩ አሳተሙ። እንዲህ ያለ መሣሪያ መመርመር የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ ይሂድ።

ሚዛን ከመዘርጋትዎ በፊት ያስሉ። አንድ ኪሎዋት ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲለቀቅ 3.3 ማይክሮኒውተን (የኒውተን ሚሊዮንኛ) ይገፋል። የናሳው ቁጥር የዚህ 360 እጥፍ ያህል ነው። ቀጥሎ 1ን ለ0.0000012 (ኒውተን በዋት) ያካፍሉ፤ በሰከንድ 833 ኪሎሜትር ይመጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ገፊ ኃይሉ ካልቀነሰ፣ ከዚህ ፍጥነት በላይ ሞተሩ ከሚበላው የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ከብርሃን አስበልጬ እገፋለሁ የሚል ሰው፣ አወቀውም አላወቀው፣ ኃይል ከባዶ አመነጫለሁ እያለ ነው። ማስረጃውም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት።

በ80 ዋት የሚጠበቀው 96 ማይክሮኒውተን ነው፤ የ30 የጤፍ ፍሬ ክብደት ቢሆን ነው። ለዚህ የሚሆነው በአግድም የሚሽከረከር የመጠምዘዝ ሚዛን ነው። ክንዱ በየወገኑ 30 ሳንቲሜትር፣ በየጫፉ 3 ኪሎግራም፣ የማዞሪያው ጥንካሬ 0.05 ኒውተን ሜትር በራዲያን ይሁን። አንድ ዙር ውዝዋዜው 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ክንዱ ላይ መስታወት ለጥፈው የሌዘር ጨረር 3 ሜትር ርቆ ወዳለ ግድግዳ ቢያንጸባርቁ፣ 96 ማይክሮኒውተን ነጥቡን 3.5 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ውዝዋዜውን በዘይት ያርግቡት። ለማርገብ ማግኔት አይጠቀሙ፤ ከሽቦዎቹ ጋር ተገፋፍቶ የሐሰት ኃይል ይፈጥራል።

ሚዛኑን የሚፈትኑት በትንሽ የሽቦ ጥቅልል ነው። ጥቅልሉ በየአምፔሩ ስንት እንደሚገፋ አስቀድመው 0.1 ሚሊግራም በሚለይ የቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ ይለኩ፤ 0.1 ሚሊግራም 1 ማይክሮኒውተን ያህል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽቦ ላይ ነው። የምድር ማግኔታዊ መስክ በአውሮፓ 50 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። 2 አምፔር የሚሄድበት 10 ሳንቲሜትር ሽቦ በዚህ መስክ ውስጥ 10 ማይክሮኒውተን ይገፋል፤ አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን የናሳውን ያህል ይሰጣል ማለት ነው። መሄጃውንና መመለሻውን ሽቦ አጥብቀው ይጎንጉኑ። ከተቻለ ባትሪውንም ማይክሮዌቩን የሚያጎላውን ማጉያም ክንዱ ላይ ይጫኑ፣ ትእዛዙን በሬዲዮ ይስጡ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ፈትተው ማግኔትሮኑን (ማይክሮዌቭ የሚያመነጨውን ክፍል) አይጠቀሙ፦ ትራንስፎርመሩ 2000 ቮልት ገደማ ያወጣል፣ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩም ምድጃው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሊገድል ይችላል።

ቀጥሎ ሙቀት አለ። እውነተኛ ግፊት ኃይሉ ሲከፈት ወዲያው ይጀምራል፤ ሚዛኑም ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አዲስ ቦታው ላይ ይረጋል። መዳቡ ሲሞቅ ግን ይለጠጣል፣ መደገፊያውን ያጣምማል፣ የክብደቱን ማዕከል ያዛውራል። ነጥቡ ለደቂቃዎች ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ኃይሉ ከተዘጋም በኋላ ወዲያው አይመለስም። መሣሪያውን ማዞር እዚህ አያድንም፤ የሙቀቱ ስሕተት አብሮ ይዞራልና። ሲለጠጥ ክንዱን እንዳይገፋ መሣሪያውን በነፃ ያንጠልጥሉት።

በመጨረሻ መግፋት የሌለበትን ሁኔታ ይለኩ። መሣሪያውን 90 ዲግሪ አዙረው ወደ ክንዱ ርዝመት ያነጣጥሩት፣ ቀጥሎ ማጉያውን እንዳለ ትተው ማይክሮዌቩን ወደ ቆርቆሮው ከመግባቱ በፊት 10,000 ጊዜ ያዳክሙት። በ2018 በጀርመን ድሬስደን የተመራማሪው የማርቲን ታይማር ቡድን ይህን ሲያደርግ “ግፊቱ” እንዳለ ቀረ፤ ምንጩ ቆርቆሮው እንዳልሆነ የታወቀው ያኔ ነው። በ2021 መደገፊያውን ካሻሻሉ በኋላ ከብርሃን ግፊት በታች እስካለው ወሰን ድረስ ፈልገው ምንም አላገኙም።